ዝናብ የሚጠብቅ ክዳን

እኛ ሰፈር የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚለቀቀው ዝናብ ሲጥል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀበና ወንዝ ዳር አላደገም። እንጦጦ ላይ ደመናው ሲጠቁር ሴቶቹ ልብስ ከገመድ ያወርዳሉ፤ ወንዶቹ ዲጂኖ ይፈልጋሉ። በግቢያችን ጥግ፣ ከጋራ ሽንት ቤታችን አጠገብ፣ ጉድጓዱን ወደ ቦዩ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ አለ፤ በሲሚንቶ ክዳን ተዘግቷል። ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቀይ አፈር ይዞ ቦዩን ሲሞላው፣ አንዱ ወጥቶ ክዳኑን ፈንቀል ያደርገዋል። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑ ይመለሳል። "ዝናቡ ወሰደው" ይባላል። ማንም ምንም አላደረገም።

በዚያው ቦይ ውስጥ የምንጠጣው ውሃ ቧንቧ ተጋድሟል። ዝገት በልቶት በጎማ ቁራጭና በሽቦ የታሰረ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲጠፋ ቧንቧው ባዶውን ይስባል፤ በስንጥቁ በኩል ውጪ ያለውን ሁሉ ይጠጣል። ውሃው ሲመለስ ደግሞ የጠጣውን ይዞ እኛ ጋ ይመጣል።

ይህን ያስረዳችኝ እህቴ ናት።

እህቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት ብል እናቴ አትቀየምም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሽንት ቤት አያያዝ ታስተምር ነበር። የሰፈሩ ሰው ይወዳታል። "ዶክተርዬ፣ ዛሬ ደግሞ ጥፍሬን ልታዪ መጣሽ?" ይሏታል። ትስቃለች። ጥፍራቸውንም ታያለች። ያው ሰዎች ናቸው እንግዲህ እሷ ሥራ ላይ መሆኗን አይተው ክዳኑን የሚከፍቱት። ማታ ስትገባ ሽታው ይነግራታል። ትቆጣለች፣ ታኮርፋለች። ከዚያ አንዱ ያስቃታል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ሞተች። ጠዋት ሆዴን አለች፤ ከሰዓት መቆም አቃታት። የምታስመልሰውም የሚወጣትም ውሃ ብቻ ሆነ። ሰውነቷን የማጥበው እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገቡ። የጣቶቿ ቆዳ፣ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት ተጨማደደ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ክንዷ ላይ ደም ሥር ፈልገው አጡ።

በሽታውን በስሙ የጠራው ሰው የለም። ድንኳን ውስጥ "ሆዷን ታማ ነው" ተባለ። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች መጡ፤ የወረዳው የጤና ቁጥጥር ቡድን መሪም አብሮ መጣ። የታሸገ ውሃ በካርቶን ይዘው ነበር የመጡት። ለኀዘንተኛው መስሎኝ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልነበረም። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡና የየራሳቸውን ከፍተው ጠጡ። ከጎናቸው የእድራችን ዳኛ፣ የተከበሩ ጡረተኛ፣ ከጄሪካን እየቀዱ ለሰፈሩ ሰው በኩባያ ያድላሉ። ያ ውሃ የቦዩ ቧንቧ ውሃ ነው። የቡድን መሪው ተነስቶ "ሕይወቷን ለሰፈሯ ጤና የሰጠች" ሲል የላስቲክ ጠርሙሱ በእጁ ነበር። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ማልቀሱ አልመጣልኝም። ዓይኔ ጠርሙሱ ላይ ቀረ።

ከኀዘኑ በኋላ ያው ቡድን መሪ አስጠራኝ። "በእህትህ ቦታ ማለቴ አይደለም፤ እሷ የተማረች ነበረች። ግን ለንጽሕና ዘመቻው ጊዜያዊ ሰው እንፈልጋለን፤ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሃል አይደል?" አለኝ። ገባሁ። የማልገባበት ምክንያት ምን አለ? አንድ ነገር ፈልጌ ነበር። የእህቴ ልጅ ገና መዋዕለ ሕፃናት ናት፤ አባቷ ከእኛ ጋር አይደለም፤ ከእናቴና ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ያንኑ ውሃ ትጠጣለች። ሌላ ክረምት ሳይመጣ ያ ክዳን እንዳይከፈት የሚያደርግ ሰው ካለ እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሥራችን ይህ ነው። ጠዋት ቢሮ እንሰበሰባለን። የምንሄድበትን ሰፈር ቡድን መሪው ይናገራል። ከዚያ ስልኮች ይደወላሉ፤ ማን ለማን እንደሚደውል አይጠየቅም። ሻይ ጠጥተን፣ ነጭ ጋውን ለብሰን እስክንወጣ ድረስ ሰፈሩ ታጥቦ ይጠብቀናል። እኔ የመድኃኒት መርጫውን እሸከማለሁ፤ በቢሮው ስልክ ፎቶም አነሳለሁ።

አንድ ቀን ወሰን የሚባለው ሰፈር ሄድን፤ ጋራዦቹ አጠገብ ያሉትን ምግብ ቤቶች ልናይ። መጀመሪያ ሥጋ ቤት ገባን። ሥጋ ቆራጩ ንጹሕ ነጭ ጋውን ለብሷል፤ ኪሱ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ። ኩሽናው ግን፣ ኩሽና ካሉት። ሳህኑ ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ ይነከራል። የሳፋው ውሃ ወፍሯል፤ ከላዩ ቢጫ ስብ ረግቶበታል። አስተናጋጇ በዚያ ያጠበችውን ሳህን ጠረጴዛ በተወለወለበት ጨርቅ ታደርቀዋለች። ጨርቁን አንስቼ ጨመቅሁት። ጣቴ ላይ የቀረው ሽታ ማታ ቤቴ ድረስ ተከትሎኛል። "ጋውን አለ፣ ቆብ አለ፣ ጥሩ ነው" ተብሎ ወጣን። ቀጥሎ ጭማቂ ቤት። ቀጥሎ ሌላ ምግብ ቤት። እዚያ ወጥ ቤቷ ነጭ ጋውን ለብሳ ተቀበለችን። እጅጌው ጣቶቿን አልፎ ተንጠልጥሏል። ኪሱ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ።

"አለቃ" አልኩት ቀስ ብዬ፣ "ይሄ ጋውን ቅድም ሥጋ ቤቱ ነበር እኮ። በጓሮ ቀድሞን ነው የመጣው።"

ቡድን መሪው ጋውኑን አየው። ከዚያ ከልቡ ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች።

"ጎበዝ! ዓይን በዘር ነው የሚወርደው፤ እህትህም እንዲህ ነበረች" አለ። "አንቺ፣ እጅጌውን እንኳ ጠቅለል ባደረግሽው!"

"ምን ላድርግ ጌታዬ፣ እሱ ቁመቱ ዝሆን ያክላል" አለች።

"በል ና፣ ምሳ እንብላ" አለኝ። እዚያው ተቀምጠው ጥብስ በሉ። የዚህም ቤት ሳህን በምን ውሃ እንደታጠበ ሁላችንም እናውቃለን። ቡድን መሪው በእንጀራ ዘይቱን እየጠረገ ሲጎርስ አየሁት። ቢያንስ እኔን ያቅለሸለሸኝ እሱን ቢያቅለሸልሸው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ውሃውን ግን የታሸገ አዘዘ።

ያን ቀን ስንመለስ ለመንኩት። መገናኛን እስክናልፍ ድረስ ቃሉን በአፌ ሳመላልሰው ነበር። "ክረምት ሳይገባ የኛን ግቢ ይዩልኝ። ቧንቧው ቦዩ ውስጥ ነው ያለው። ጉድጓዱን በዝናብ ይለቁታል። እህቴ ከዚያ ነው የጠጣችው። አሁን ልጇ እየጠጣች ነው።"

እስክጨርስ ሰማኝ። ክፉ ሰው አይደለም። "ስማ ወንድሜ" አለኝ፣ "ቧንቧው የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ነው። ቦዩ የመንገድ ነው። ጉድጓዱ የግቢው ሰው ነው። የኛ ድርሻ ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው።"

"እሺ፣ እሱንም ቢሆን።"

መጡ። አንድ ቅዳሜ ግቢያችን በወንበር ተሞላ። ሰፈሩ ቀድሞ ስለሰማ ቦዩ ዳር ነጭ ኖራ ነስንሶ ጠብቋል። ቡድን መሪው ስለ ንጽሕና ተናገረ። ከዚያ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ በተግባር ይታይ ተባለና የእህቴን ልጅ ጠሩ። ከጄሪካኑ ውሃ አፈሰሱላት። በሳሙና አሻሸች፣ ታጠበች፣ ተጨበጨበላት። "ፎቶ አንሳ! ልጅቷን ከነሳሙናው!" አለኝ። አነሳሁ። በካሜራው ውስጥ ከእጇ የሚንጠባጠበውን ውሃ ወደ አፏ ልታስጠጋ ስትል አየሁና ስልኩን ጥዬ ሮጥኩ። ሰዎች ሳቁ። የእድሩ ዳኛ መዝጊያ ንግግር አደረጉ፤ ጤናችን በእጃችን ነው አሉ። ክዳኑ ላይ ቆመው ነበር የሚናገሩት።

ሰው ከተበተነ በኋላ ዳኛው ጋ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ በፍሳሽ መጣጭ መኪና እናስወጣው።"

"መኪናው በኛ መንገድ አይገባም፣ ልጄ። ታውቃለህ።"

"ሌላ መንገድ ከሌለ—"

"ዝናብ እያለ ምን አደከመህ? እግዜር በነፃ ያዘንባል!" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኒህ ሰው የእህቴን አስከሬን ሳጥን ከፊት ይዘው የተሸከሙ ናቸው። መቃብሯ ላይ አፈር ሲመለስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ያ ነው አፌን የያዘኝ። ጥሩ ሰው ሲሆን መጸየፍ ይከብዳል፤ ግን ይቻላል። ተምሬዋለሁ።

ትልቁ ዝናብ የመጣው እሑድ ከሰዓት ነው። እንጦጦ በደመና ተሸፈነ፤ ቆርቆሮው መጮህ ጀመረ። ዳኛው በላስቲክ ቦት ጫማ ዲጂኖ ይዘው ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ከቤት ወጣሁና ቀድሜያቸው ደረስኩ። ሄጄ ክዳኑ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላሰብኩበትም። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

"ተነስ ልጄ" አሉኝ።

"አልነሳም ጋሼ።"

"ታመሃል?"

"አልታመምኩም። አይከፈትም።"

የጣሪያው አሸንዳ ሳይቀር ወደዚያው ጉድጓድ ነው የሚፈሰው። ስለዚህ ዝናቡ በጠነከረ ቁጥር ይሞላል። ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን፣ አፏ የማይዘጋው፣ ከደጃፏ ጮኸች፤ "ንጉሥ ሆይ! ዙፋንዎ ይሸታል!" ግቢው በሳቅ ተናጋ። ወዲያው ደግሞ "ኧረ አንሱት፣ ሊያጥለቀልቀን ነው!" አለች።

እናቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ወጣች። የእህቴን ልጅ በእጇ ይዛለች። ደግፋኝ ልትናገር መስሎኝ ነበር።

"ተነስ፣ አታዋርደኝ" አለች። "ሰው ምን ይለናል?"

ያን ጊዜ ነው ከሁሉም የባሰ የመረረኝ። ምን አደርጋታለሁ፣ እናቴ ናት። ከእነሱ ጋር ነገም ትኖራለች።

ዳኛው ዲጂኖውን ከክዳኑ ጠርዝ ሥር አስገቡ። "እህትህ ብትኖር በዚህ ታፍር ነበር" አሉ።

"እህቴን እናንተ ናችሁ ያጠጣችኋት" አልኩ።

አልጮኽኩም። በዝናቡ ድምፅ ውስጥ ሁሉም የሰማው አይመስለኝም ነበር፤ ግን ሰምተዋል። ዲጂኖው እዚያው ቀረ፤ አልነቀነቁትም፣ አላወጡትም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ገነፈለ። መጀመሪያ ከሽንት ቤቱ በር ሥር ቡናማ ነገር ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ግቢውን አዳርሶ መጣ። የጎረቤታችንን ደጃፍ ነካ። የእኛን ደረጃ ነካ። የዳኛውን ቦት ጫማ ከበበ። በየዓመቱ ለወንዙ የምንሰጠው፣ ከታች ላሉት ሰላጣ አብቃዮችና ልብስ አጣቢዎች የምንልከው፣ ያን ቀን ከእኛ ጋር ዋለ። ሽታውን አልገልጸውም። ሰው የራሱን እያየ አፍንጫውን ያዘ። ሲሰድቡኝ አመሹ። እኔም ዝናቡ እስኪያባራ አልተነሳሁም፤ ከዚያ ልብሴን አውልቄ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

በማግስቱ የግቢው ሰው ራሱ ጠርቶት መጣጭ መኪናው መጣ። በኛ መንገድ አይገባም የተባለው፣ መግባትም አላስፈለገውም። አስፋልቱ ላይ ቆሞ ረጅም ቱቦ ዘረጋ። እንዲህ ቀላል ነበር። እህቴ በሕይወት ሳለች አንድ ሰው ቱቦው ስንት እንደሚረዝም ቢጠይቅ ኖሮ... ተውኩት። ቡድን መሪው ከየት እንደሰማ አላውቅም፤ ደርሶ መኪናው አጠገብ በጋውኑ ቆመ። "ፎቶ አንሳ" አለኝ። ስልኩን መለስኩለትና ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ አልሄድኩም።

ክዳኑ ዘንድሮ አልተከፈተም። ዳኛው ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ዓይኔን ግን አያዩም። ቧንቧው አሁንም ቦዩ ውስጥ ነው፤ እሱ የውሃ ሰዎች ነው። እኔ ውሃ አፈላለሁ። የእህቴ ልጅ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

"አጎቴ፣ ይሄን ሽንት ቤት ነክቶታል?"

"አልነካውም።"

አታምነኝም። ኩባያውን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና ታሸትታለች፤ ከዚያ ነው የምትጠጣው። ሽታ ሁሉን እንደማይናገር ነግሬያታለሁ፤ ቢሆንም ታሸትታለች። ባለፈው ጎረቤታችን ልጅቷን አቅርባ ውሃ ብትሰጣት፣ እፊቷ ላይ አሸተተችና መለሰችላት። ሴትዮዋ ተቀየመች። እናቴ አፍራ ቤት ስትገባ ልጅቷን ልትቆነጥጣት ተነሳች።

"ነውር ነው! ሰው የሰጠሽን እንደ ውሻ ታሸትቻለሽ?"

"ተያት እማዬ" አልኳት። "ታሽትት።"