የኡስታድ ሶናኡላህ ጣትና ሁለቱ ታብሌቶች

ኡስታድ ሶናኡላህ ዓይናቸው እየከዳቸው መሆኑን ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቀው ኖረዋል። አደባበቃቸውም የዋዛ አልነበረም። በስሪናጋር ከተማ አሮጌው ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ባለው የስጋጃ ቤት ውስጥ፣ ሥራቸው ማንበብ ነው። ሦስት ሸማኔዎች መሸመኛው ፊት ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ከጎን ሆነው ታሊሙን፣ የስጋጃው ጥለት በምልክት የተጻፈበትን ወረቀት፣ በዜማ ያሰማሉ። «ሁለት ቀይ፣ አንድ ቢጫ፣ ሦስት አረንጓዴ…» ሸማኔዎቹም ክሩን ይቋጥሩና «ተቋጥሯል!» ብለው ይመልሳሉ። ሠላሳ አራት ዓመታቸው እንዲህ ሲባባሉ አለፈ። ሚስታቸው ስትሞት እንኳ ከሦስት ቀን በላይ ከዚያ ቦታ አልራቁም።

ታዲያ ዓይኑ የደከመ ሰው እንዴት ያነባል? በቃሉ ነዋ! የተያዘው ስጋጃ ከዚያ በፊት አምስት ጊዜ ያነበቡት ጥለት ነበር። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ፣ እንደ ልማዳቸው ሌባ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ በቃላቸው ያወርዱታል። ደግሞ አንዳንዴ ቆም ብለው ወረቀቱን ቀረብ አድርገው ያያሉ፤ ለማስመሰል እኮ ነው! ሽማግሌ ሲያጭበረብር እንዲህ ነው።

አንድ ማክሰኞ የስጋጃ ቤቱ ባለቤት ብቅ አለና «ቅዳሜ አዲስ ጥለት እንጀምራለን፤ ማንም አንብቦት የማያውቅ ነው» ብሎ ወረቀቱን ሰጣቸው። ኡስታድ አዲሱን ታሊም በቃል ከየት ያመጡታል? ማንበብ የማይችል አንባቢ ደግሞ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ሌላ ሙያ የላቸውም።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ለልጃቸው ለዱርዳና ሁሉንም ዘረገፉላት። ዱርዳና አስተማሪ ናት፤ አልቅሳ ጊዜ አላጠፋችም።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«መነጽር አይረዳህም አለኝ። ፊደሉ ትልቅ ከሆነ ግን አያለሁ።»

«እንዴ! በቃ ይሄ ነው ችግሩ? ታሊሙን በስልኬ አንስቼ ታብሌት ላይ ላስገባልህ። ምልክቱን የቡጢ ያህል አሳድገህ ታነባለህ።»

በማግስቱ ከገበያው ርካሹን ታብሌት ገዝታ መጣች። ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ ሲነኩት ቆይቶ፣ አስቦበት ነው የሚታዘዘው። እንዳይጫርም ብላ መስታወቱ ላይ ሌላ ወፍራም ላስቲክ ለጠፈችበት። ይህን የሰማ የኡስታድ የወንድም ልጅ ባሲት፣ ሻል በመሸጥ ደህና ገንዘብ የያዘ ጎረምሳ፣ እየሳቀ ገባ።

«አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? የሽንኩርት መክተፊያ ነው እንዴ?» አለና የራሱን ውድ ታብሌት አጠገቡ አስቀመጠ። «ይሄኛው እኮ ሊነኩት ሲያስቡ ገና ይታዘዛል። እስኪለምዱ እርስዎ ጋ ይሁን።»

«ያንተ ከወደቀ የአባቴም ልብ አብሮ ይወድቃል» አለች ዱርዳና፣ አንገቷን ሰብቃ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ታሊሙን ሁለቱም ላይ አስገብተው፣ መስኮቱ ስር ጎን ለጎን አስቀምጠው ፈተኗቸው። ኧረ ምኑ ይወዳደራል! ውዱ ላይ ምልክቱ አሁን የተጻፈ ቀለም ነው የሚመስለው፤ የውጭው በረዶ ቢያብለጨልጭ እንኳ አይደበዝዝም። ርካሹ ግን ጎበጥ፣ ዘንበል ካላሉለት ግራጫ ብቻ ያሳያል። ኡስታድ የልጃቸውን ፊት እያዩ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ውዱን መረጡ። ዱርዳና ግን በማግስቱ ጠዋት ርካሹን «ለማንኛውም» ብላ ቦርሳቸው ውስጥ ከተተችው። ኡስታድንም ክብደቱ አናደዳቸው።

ቅዳሜ ስጋጃ ቤት ገብተው፣ ካንግሪያቸውን፣ ያቺን የፍም ማሰሮ፣ ከሰፊው ቀሚሳቸው ስር አስገብተው ተቀመጡ። «እኛም እንሠልጥን እንጂ» ብለው ውዱን ታብሌት አወጡ። ስለ ዓይናቸው ትንፍሽ አላሉም። የመጀመሪያው ረድፍ እንደ ውሃ ወረደ። በሁለተኛው ላይ ያቺ ጣታቸው እንደ ልማዷ መስመሩን ተከትላ ስትሄድ፣ ውዱ ታብሌት ግለጥ የተባለ መስሎት ገጹን ሹልክ አደረገው። የታሊም ገጽ ሁሉ ምልክት በምልክት ስለሆነ አንዱ ካንዱ አይለይም። ኡስታድ ምኑም ሳይገባቸው ማዜማቸውን ቀጠሉ።

«ቆይ፣ ቆይ! ቅጠሉ መሃል ነበርን እኮ፤ በየት ዞረን ነው ዳር የደረስነው?» አለ ሱብሃን፣ አንጋፋው ሸማኔ።

ረድፉ ተፈታ። እንደገና ተቋጠረ። ደግሞ ሹልክ! ደግሞ ተፈታ። «ኡስታድ፣ ዕቃዎ ቸኩሏል፤ እኛ ግን ሁለት ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለን» ብሎ ቀለደ ወጣቱ ሸማኔ ያሲር። ኡስታድ ጣታቸውን ሊያነሱ ሞከሩ፤ ጣት ከሌለ ደግሞ ዓይናቸው መስመሩን ይስታል። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቃቸው። በቃ፣ አለቀልኝ ብለው አሰቡ።

ያኔ ነው እጃቸው ወደ ቦርሳው የገባው። መክተፊያውን አወጡ፣ ዘንበል አደረጉ፣ ጣታቸውን አስኬዱ። ዝም! ያ ሰነፍ መስታወት ጫን ካላሉት በቀር ምንም አይሰማውም። ገጽ ሲያልቅ ጫን አሉት፤ እሱ እስኪያስብ ሸማኔዎቹ የመጨረሻውን ክር ቋጥረው ጨረሱ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ዐሥር ሰዓት አራት ረድፍ ወጣ፤ አንድም ስሕተት የለበትም።

ሱብሃን ክሩን እየቆረጠ፣ ቀና ሳይል፣ «ዛሬ አረንጓዴውን በደንብ ጠራኸው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ካለፈው ክረምት ወዲህ እኮ አንዳንዴ ሁለቱን ሦስት ትለው ነበር። ታች ቀድሞ የወጣውን አበባ እያየን ሁለት እንቋጥርና ‹ተቋጥሯል› እንልሃለን። በአዲሱ ጥለት ግን ታች የምናየው የለም። ከማክሰኞ ወዲህ ምን ይውጠው ይሆን ስንል ነው የሰነበትነው።»

የኡስታድ ፊት በእፍረት ነደደ። እሳቸው ሲያታልሉ የኖሩ መስሏቸው፣ ለካ ሦስት ሰዎች ተሸክመዋቸው ኖሯል! እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርዎ ይሄዱብናላ!» አለ ያሲር።

ኡስታድ በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከእንግዲህ ስሳሳት ፊት ለፊት ንገሩኝ። ወላሂ፣ አልቀየምም።» ከዚያም አምስተኛውን ረድፍ ጀመሩ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ተቆራረጠ።

«ኡስታድ፣ አልሰማንም» አለ ሱብሃን። «ከፍ አድርገው።»

ኡስታድ ሶናኡላህ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።