ደርቆም የሚከፈተው አበባ

አበባውን ወታደሩ ታላቅ ወንድሜ ከባሌ ተራራ ነቅሎ በመለዮው ውስጥ ይዞት መጣ። ጦሩ ወደ ሰሜን ሲዛወር ሐዋሳ ላይ አንድ ቀን አርፎ ነበር። እናታችን በብርጭቆ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃ አያስፈልገውም ብሏታል።

ጠዋት ከሐይቁ እርጥበት ሲነሳ አበባው ይዘጋል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይከፈታል። እናቴ ሳታየው ከቤት አትወጣም።

«ተከፍቷል። ልጄ ደህና ነው» ትላለች።

«አንቺዬ! አበባውን ሬዲዮ አደረግሽው እኮ» አለቻት ጎረቤታችን። እናቴ አልሳቀችም።

እኔ የእርሻ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እያንዳንዳችን አንድ የዱር ተክል አድርቀን እንድናቀርብ ታዘዝን። እናቴን ለምኜ አንዲት ቅርንጫፍ ወሰድኩ። እንደተማርነው በአሮጌ ጋዜጣ መሃል አድርጌ ድንጋይ ጫንኩበት፤ እንዳይሻግት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀየርኩ። ቀድሞም ደረቅ ስለነበር ድካሜ ከንቱ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ቆሜ አስረዳሁ። አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ደን በላይ፣ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ይበቅላል። ቅጠሉን የሸፈነው ነጭ ጸጉር ከሌሊት ውርጭና ከቀን ሐሩር ይከላከልለታል። ከውስጥ ነጭ፣ ከውጭ ሮዝ የሆነው የአበባ ቅጠል የሚመስለው ነገር ደረቅ ቅርፊት ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች መሃል ላይ የታጨቁት ጥቃቅን ቢጫዎች ናቸው።

«ከገበያ የተገዛ ፕላስቲክ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህራችን ውሃ ጠብ አደረገበት። ቀስ እያለ ተዘጋ።

«ለምን ተዘጋ?»

«የቅርፊቱ የውጭ ጎን ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ወደ ውስጥ ያጥፈዋል።»

«እንግዲያ ሕይወት አለው ማለት ነው?»

«የለውም መምህር። ሞቶም ይከፈታል፣ ይዘጋል።»

«በጣም ጥሩ! ተቀመጥ።»

የእሱን ምስጋና ዓመቱን ሙሉ ስጠብቅ ነበር። ተቀመጥኩ። «ልጄ ደህና ነው» የምትለው እናቴ ትዝ አለችኝ።

ክረምቱ ገባ። ከወንድሜ ወሬ የለም። ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሲወርድ አበባው እንደተዘጋ ሰነበተ፤ እናቴም እህል መቅመስ ተወች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኘኋት።

ከሰል አያያዝኩና ብርጭቆውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተዘረጉ፤ ቢጫው ታየ።

«እማዬ፣ ተነሽ እስቲ።»

ተነስታ አየችው።

«ተከፈተ?»

«ተከፍቷል።»

ነጠላዋን አስተካክላ እጇን ታጠበች። «ቅረብ እንግዲህ፤ አንተም አልበላህም» አለችኝ።

ቀረብኩ። በላን። ዝናቡ አላቆመም፤ በነጋታውም ከሰሉን ማያያዝ ነበረብኝ።