የታችኛው እጥፋት

ሰውዬውን ላስቲክ ሲቀይር ያየ ሰው፣ ከጀልባ ጋር የቆየ ቂም ያለው ይመስለዋል። ከጀልባዋ በስተኋላ፣ የሞተሩ እግር ከገላዋ በሚጋጠምበት ቦታ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈውን ያረጀ ላስቲክ በካራ ዘለዘለው፤ አልላቀቅ ያለውን በጥርሱ ቦጨቀው። በዚያ የጁባ ሐሩር የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎታል። ለወንዙ ጀርባውን አይሰጥም። ሌላ ጀልባ በአጠገቡ እየጮኸች ስታልፍ ካራው በእጁ ውስጥ ዞረ፤ ስለቱ ወደ ውጭ።

የጀልባዋ ባለቤት፣ የኮር ዊሊያም ሰፈሩ ባለሱቅ ሱሩር፣ ራቅ ብሎ ቆሟል። ጀልባዋ ነገ ዱቄትና ሰው ጭና በወንዙ ወደ ቦር ትወርዳለች።

ሰውዬው አዲሱን ላስቲክ በቡጢ እየደቃ አስገባው፤ የብረት ማሰሪያውን የአንገቱ ሥር እስኪገተር ድረስ አጠበቀው። ከዚያ ድንገት እጁ ለሰለሰ። የታችኛውን እጥፋት ብቻ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳበሰው።

«ሁልጊዜ እሱን ነው የምትነካካው» አለው ሱሩር።

«ከታች ከተቀደደ ማንም አያይም» አለ ሰውዬው፣ ጋምቤላ ባደገበት አማርኛ። «ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ሰዎቹ የሚነቁት መሀል ወንዝ ላይ ነው።»

«ሙያውን የት ተማርከው?»

ሰውዬው ካራውን በሱሪው ጠረገ።

«መቀየሩን እዚሁ ጁባ። መቅደዱን ግን ከዚያ በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜ።» ካራውን ወደ ሰገባው መለሰ። «ኸላስ፣ አለቀ፣ ሱሩር። አሁን ሰው መጫን ትችላለህ።»