በእትዬ አማረች ላይ ያወጣሁት ወሬ

ሶዶ ከምሠራበት ቢሮ በገበያው ጀርባ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አንዳንድ ቀን የሸክላ መተኮሻ ጭስ ይደርሰኛል። የእርጥብ አፈር፣ የደረቀ ሣርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ሲመጣብኝ እርምጃዬ ይዘገይና፣ በልጅነት መንደሬ በሻንቶ ከእንሰታችን በታች ቆሜ ጓደኛዬ ብርቄ እስክትወጣ የምጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ብርቄና እናቷ አማረች ሰፈራችን የገቡት በበልግ ነበር፣ መሬቱ ለበቆሎ ታርሶ ዝናቡ ገና ሲጀምር። አማረች ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ከእንሰታችን በታች ያለችውን ጎጆ ተከራይታ፣ ጭቃውን ከወንዝ ዳር በጀርባዋ እያመጣች፣ ድስትና እንስራ እየሠራች ለገበያ ታወጣ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች በድስቷ ወጥ ይሠሩ፣ በእንስራዋም ውኃ ይቀዱ ነበር፤ በእጇ የበሰለ ምግብ ግን አንዳቸውም አይቀምሱም ነበር። «የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል» ይባል ነበር፤ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ባይኖርም ሁሉም ከእናቱ ሰምቶታል። ጸሎት ቤት ውስጥ እንኳ እሷ የተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ግማሹ ባዶ ይቀር ነበር። እኛ ልጆች በዕድሜ የሚበልጡንን ሴቶች ሁሉ እትዬ ስንል፣ እሷን ግን አማረች ብቻ ብለን እንጠራት ነበር፤ ያረመንም ሰው አልነበረም።

ብርቄ አራተኛ ክፍል አብራኝ ትማር ስለነበር ከትምህርት ቤት አብረን እንመለስ ነበር። እናቴ «ተጫወቺ፣ እዚያ ቤት ግን ምንም እንዳትቀምሺ» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔ ግን አማረች ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅላ፣ አጠገቡ የቃሪያ ዳጣ አድርጋ ስታቀርብልን እጄን መሰብሰብ አልችልም ነበር፤ እስክጠግብ በልቼ፣ አፌን በእንሰት ቅጠል ጠርጌ፣ ምንም እንዳልቀመሰ ሰው ሆኜ ቤቴ እገባ ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሊገባደድ ሲል፣ አክስቴ አራስ ስለነበረች እንዳግዛት ወደ ቢላቴ ቆላ ተላክሁ። ቀን ሕፃኑን እያዘልኩ፣ ሌሊት በትንኝ እየተበላሁ ሦስት ሳምንት ቆይቼ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተመለስኩ። ከተመለስኩ ከአምስት ቀን በኋላ ብርቄ ቤት ሄጄ እሸት በቆሎ በላሁ። በማግስቱ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ተንዘፈዘፍኩና፣ ወዲያው ደግሞ ሰውነቴ እንደ እሳት ነደደ።

ጎረቤቶቻችን ቤቱን ሞሉት። አንዷ ሴት ግንባሬን ዳብሳ «ትናንት የት ነው የበላሽው?» አለችኝ። እናቴ ራስጌዬ ቆማ ታየኝ ነበር። ተደብቄ እበላ እንደነበር ብታውቅ ምን እንደምታደርገኝ አስቤ ፈራሁና «አማረች በግድ አበላችኝ» አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ሲዞሩ ጊዜ «አትኩራም አየችኝ» ብዬ ጨመርኩበት። የመጀመሪያውን ፍርሃት ነው ያናገረኝ፤ ሁለተኛውን ግን ሰው ስለሰማኝ ነው ያልኩት።

ወሬው ከአልጋዬ ተነሥቶ ገበያ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። አማረች ለጊፋታ ገበያ ብላ ያደረቀቻቸውን ድስቶች የሰፈሩ ጎረምሶች በድንጋይ ሰባበሩባት፤ የጎጆዋ ባለቤት ቤቱን ልቀቂ አላት፤ ለእኔ ደግሞ ከቀሚሷ ቁራጭ ተወስዶ እንዲጨስልኝ ተመከረ።

ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ይህን ሁሉ የሰሙት ከጉኑኖ ገበያ ሲመለሱ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የሚሉትን ሳያስቡ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። ቅቤ ሲገዙ እንኳ ከላይ አይተው አያምኑም፤ ስንጥር እስከ ውስጡ ሰክተው፣ አውጥተውና አሽትተው ነበር የሚገዙት። ገብተው ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጡና ወደ እናቴ ዞሩ።

«ልጅቱ ክረምቱን የት ነበረች?»

«ቢላቴ፣ እኅቴ ዘንድ።»

«የእኅትሽ ልጆችስ ደኅና ናቸው?»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ትልቁን ወባ ይዞት ነበር አሉ።»

«እሱንም አማረች ቢላቴ ድረስ ሄዳ አየችው?»

እትዬ ማርታ በጋቢ ጠቅልለውኝ ባጃጅ አስጠሩ፤ እናቴም ተከትላን ወጣች።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ እናቴ ካርድ ለማውጣት ተሰለፈች፤ እትዬ ማርታ እኔን ይዘው ላቦራቶሪ ገቡ። ወጣቱ ባለሙያ ጣቴን ወግቶ ደም ወሰደና ከቆይታ በኋላ «ወባ ነው» ብሎ ወረቀቱን ሊሰጠን ሲል፣ እትዬ ማርታ «ልጄ፣ እባክህ ልጅቱ ራሷ በዓይኗ ትየው» አሉት። ግር ቢለውም በርጩማ ላይ አቁሞ ማይክሮስኮፑን አሳየኝ። በደሜ ውስጥ ካሉት ብዙ ክቦች ጥቂቶቹ ሐምራዊ ቀለበት የመሰለ ነገር ይዘው ነበር፤ ወባው እሱ መሆኑን ነገረኝ።

«አየሽ?» አሉኝ እትዬ ማርታ።

«አየሁ።»

«አማረችስ አለችበት?»

«የለችም» አልኩና አለቀስኩ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በግድ እንዳላበላችኝ፣ አትኩራም እንዳላየችኝ። አልተቆጡኝም።

«ከእንግዲህ ወሬ ሲነግሩሽ ማን አየ ብለሽ ጠይቂ» አሉኝ። «ያየ ከሌለ አንቺ ጋ ይቅር። ይሄኛው ግን ካንቺ አፍ ነው የወጣው፤ የምትመልሺውም አንቺው ነሽ።»

መድኃኒቱን ወስጄ በአራተኛው ቀን ስነሣ እትዬ ማርታ ይዘውኝ ወደ ታች ወረዱ። አማረች ያልተሰበሩትን ድስቶች በሣር እየጠቀጠቀች ለመሄድ ትሰናዳ ነበር።

«እትዬ አማረች» አልኩ፤ እንደዚያ ብዬ ስጠራቸው የመጀመሪያዬ ነበር። «ዋሽቼ ነው። የያዘኝ ወባ ነው።»

ሣር የያዘው እጃቸው ቆመ። «እኔስ ለምጄዋለሁ» አሉ። «ልጄ ግን ገና አልለመደችውም። ለእሷ ንገሪያት።»

ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነገርኳት፤ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሴቶቹ እንሰት ሊፍቁ ጓሯችን ሲሰበሰቡ፣ እትዬ ማርታ ከጎኔ ቆመው ያንኑ ደገምኩት። አንዷ ቀና ሳትል «ወባውንስ ቢሆን የጠራው ዓይኗ ቢሆንስ?» አለች።

«እንደሱ ከሆነ ድስቷን መልሺላት» አሉ እትዬ ማርታ። «በየቀኑ የምትበዪው ከእጇ በወጣ ሸክላ አይደል?»

እናቴ መፋቂያዋን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ እኔን ይዛ በእንሰቱ መካከል ወረደች። እትዬ አማረችን «ቦይና አለሽ?» አለቻቸው። በራፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ ተቀምጣ በላች፤ ለእኔም እየላጠች ሰጠችኝና «ከእንግዲህ ተደብቀሽ አትብዪ» አለችኝ።

በጋ ሲመጣ እትዬ አማረች እዚያው ነበሩ። ባለቤቱ ቤቱን አላስለቀቃቸውም፤ ድስቱን የሰበሩትን ጎረምሶች አባቶቻቸው ጭቃ ከወንዝ እንዲያመላልሱላቸው አደረጉ። ብርቄ ለብዙ ሳምንታት ሳታናግረኝ ቆይታ፣ አንድ ቀን ዴስኩ ላይ የነበረውን ደብተሯን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሰው ሁሉ ከእጃቸው መብላት ጀመረ ማለት አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ያልቀመሱ ነበሩ። የጸሎት ቤቱ አግዳሚ ግን ቀስ በቀስ ሞላ።

እትዬ ማርታ ካረፉ ቆዩ። ብርቄ ጉኑኖ መምህርት ናት፤ ልጆቿ እኔ ቤት፣ ልጆቼም እሷ ቤት ይበላሉ። ወሬውም አልቀረም፤ ዛሬ ፎቶ ተጨምሮበት ቁርስ ሳልበላ በስልኬ ይገባል፣ የሚያስተላልፈውም የተማረ ሰው ነው። ያኔ የዋሸሁትን ለመመለስ አንድ ጓሮ በቃኝ፤ የሰሙኝን ሴቶች አንድ በአንድ በስማቸው አውቃቸው ነበር። ዛሬ ግን የላክሁት ነገር ማን ዘንድ እንደደረሰ ስለማላውቅ፣ ማን አየ ብዬ የምጠይቀው ከመላኬ በፊት ነው።