የእትዬ ከሪማ ሁለት መስመር

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን የጋሽ ሸረፈዲን መጽሐፍ መደብር አለ። የሚሸጡት የመንገደኛ መመሪያ ነው። መጽሐፍ በሚፈልግ ሁሉ ላይ መጀመሪያ ጥያቄ ያዘንቡበታል፤ «ከማን ጋር ነህ? በምን ትሄዳለህ? ስንት ቀን?» ለግሸን ተሳላሚ ውሃ የሚገኝበትን ቦታ ለይቶ የሚናገረውን ይመርጡለታል። መኪና ለያዘ ካርታው የሚዘረጋውን፣ ልጆች ላስከተለ ሐኪም ቤት የሚጠቁመውን፣ በእግሩ ለሚሄድ ደግሞ ቀጭኑን። ፎቶ የበዛበትን ያነሳ እንደሆነ «ይሄ ለሳሎን ነው» ብለው ከእጁ ይቀበሉታል። እንዲህ እያሉ ስንቱን ገበያ እንዳባረሩ እኔ አውቃለሁ።

ጨርሶ የማይታረቁት ካለፈ እትም ጋር ነው። መንገድ ሲቀየር፣ ሆቴል ሲዘጋ፣ አዲስ አበባ ላሉት አሳታሚዎች እርማት ይጽፋሉ። አዲሱ እትም ሲመጣ አሮጌውን ለቆሎ ሻጯ መጠቅለያ ይሰጣሉ።

ሚስታቸው እትዬ ከሪማ ኮምቦልቻ፣ በሐርቡ መውጫ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው። ጋሽ ሸረፈዲን ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ሁልጊዜ የሚመርጡት መጽሐፍ ገጽ ሰማንያ ሁለት ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ «ከሪማ ምግብ ቤት። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት እዚህ እንደ ቤቷ ትቀመጥ፤ ባለቤቲቱ ሳይመርቁ አይሸኙም።» እውነት ነበር። በልተሽ ስትወጪ እጅሽን ይዘው ይመርቁሻል፤ ምርቃቱ ሳያልቅ አይለቁሽም።

ካቻምና ኩላሊታቸውን ታመው ሞቱ። ምግብ ቤቱ ተዘጋ። መጽሐፉ ግን አልሰማም፤ ሴቶቹ መምጣታቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን ጋሽ ሸረፈዲን ከደሴ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ አንዲት ሴት ሻንጣዋን ይዛ የተዘጋው በር ላይ በዝናብ ቆማ አገኟት። መጽሐፉን ጠዋት የሸጡላት ራሳቸው ነበሩ።

በማግስቱ እርማት ጽፈው እንድተይብላቸው አመጡልኝ። ተናደድኩ።

«ይተውት ጋሼ። ሁለት መስመር ማንን ይጎዳል?»

«ሴትዮዋ በዝናብ ቆማለች ሙና።»

«እርስዎ ጋ ለሚመጡት በቃል ይንገሯቸዋ።»

«ሌላ ከተማ የሚገዙትስ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ወላሂ፣ በሕይወት ያለች የምትመስለኝ እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው» አሉኝ።

እያለቀስኩ ተየብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ባለቤቲቱ ስለሞቱ ምግብ ቤቱ ተዘግቷልና ከመጽሐፉ ይውጣ።»

ዘንድሮ አዲሱ እትም መጣ። ካርቶኑን አብረን ከፈትን፤ ገጽ ሰማንያ ሁለትን ገለጡ። በቦታው ሌላ ሆቴል ገብቷል። ራሳቸው ያስወጡትን ምን ብለው እንደፈለጉት አላውቅም፤ ጣታቸው ግን ገጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ሄደበት። ከዚያ አሮጌዎቹን እንደ ልማዳቸው ለቆሎ ሻጯ ሰጡ። አንዱን እንኳ ደብቄ ባስቀር ኖሮ እያልኩ እስካሁን በራሴ እበሳጫለሁ።

በሳምንቱ ኢስራ የምትባል ልጅ መጣች። ብቻዋን ወደ ባቲ ገበያ መሄዷ ነው። ሦስቱን ጥያቄ ጠይቀው ያንኑ መጽሐፍ መረጡላት። እሷ ቆማ ስታገላብጥ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ሸረፈዲን የሚለው እርስዎ ነዎት? ምስጋናው ላይ ስምዎ አለ። ‹የኮምቦልቻን ገጽ ስላረሙልን እናመሰግናለን› ይላል። እንኳን ደስ አለዎት።»

እኔም እሳቸውም ያን ገጽ አላየነውም ነበር። መጽሐፉን ተቀብለው አነበቡትና መለሱላት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

ልጅቷ ልትወጣ ስትል፣ «ቆይ፣ ልመርቅሽ» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። በሕይወቴ ሰው ሲመርቁ አይቻቸው አላውቅም። «መንገድሽን...» ብለው ጀመሩና ቀጥሎ ያለው ጠፋቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጆሯቸው የሰሙት ምርቃት ነው፤ የሚስታቸው ሥራ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ በቃላቸው አልያዙትም። ልጅቷ አሚን ልትል መዳፏን ዘርግታ ትጠብቃለች።

ወደ እኔ ዞሩ። «ሙና፣ ከሪማ ምን ነበር የምትለው?» አሉኝ።

እኔም አላስታወስኩትም።