ደቦ ያፈረሰው ቤት

ያናደዱኝ ሰዎች ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በተገላገልኩ! ክፉን ሰው ተሳድበህ፣ ስልኩን ዘግተህበት፣ ከድግስህ ዝርዝር ሰርዘኸው ትኖራለህ። ቅዳሜና እሑዱን ሠውቶ፣ የገዛ መሰርሰሪያውን ተሸክሞ መጥቶ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ በነፃ ያገለገለህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ? «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለህ። እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው። እስከ ዛሬ አንጀቴ ያራል።

ነገሩ ስለ ቤቴ ነው። ቤቴ በካልጋሪ ደቡብ ምዕራብ በኩል ያለ፣ ዝቅ ብሎ ረዘም ያለ ቤት ነው። የፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ «ከእንግዲህ እንደ አያቶቻችን አንኖርም» ብለው ከሠሯቸው ቤቶች አንዱ ነው፤ ጣሪያው ለጥ ያለ፣ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ አንድም ትርፍ ጌጥ የሌለው። ዛሬ «ሚድ ሴንቸሪ»፣ የምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ቤት፣ ብለው ስም አውጥተውለት ይሻሙበታል። እኔ ስሙን ከማወቄ በፊት ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ አጽድቼዋለሁ።

የቤቱ ባለቤት አንዲት ካናዳዊት አሮጊት ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። የቤቱን ንድፍ ያወጡት ሟች ባላቸው ናቸው። ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር የለበሰውን የቲክ እንጨት ግድግዳም ጣውላ በጣውላ እየመረጡ የገጠሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አሮጊቷ ያንን ግድግዳ እንዴት ዘይት እንደሚቀቡት አስተማሩኝ፤ በለስላሳ ጨርቅ፣ ጠብታ ዘይት ብቻ፣ በእንጨቱ መስመር። መጀመሪያ የፈረንጅ ቅብጠት መስሎኝ ነበር። በበረዶው ወራት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በዚያ መስኮት ስትገባና ግድግዳው ሲሞቅ ሳይ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ውጭ ሰው በብርድ እያለቀ፣ ያ ክፍል ማር የተቀባ ይመስል ነበር። አንዳንድ ሐሙስ ሥራዬን ጨርሼም ኮቴን ለብሼ እቆም ነበር፣ እሱን ለማየት።

እግራቸው ሲደክም አሮጊቷ ቤቱን ሊሸጡ ሆነ። ደላሎች በሩን አንኳኩተው ሊገነጥሉት ደረሱ። የሚበዙት ቤቱን አይደለም የፈለጉት፤ መሬቱን ነው። አፍርሰው አራት ስድስት ቀጫጭን ቤት ሊተክሉበት። ሌሎች ደግሞ ነበሩ፣ ያረጀ ነገር የሚያመልኩ ወጣት ባልና ሚስት፣ የበሩን እጀታ እያሻሹ «ኦሪጅናል ነው!» እያሉ የሚጮኹ። አሮጊቷ ሁሉንም ሸኙና እኔን አስቀምጠው፣ «ከእኔ ቀጥሎ ይህን ቤት የሚያውቀው ያንቺ እጅ ነው» አሉኝ። ያቅማችንን ዋጋ ተቀበሉን። «አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ እንዳለ ይቆይ» አሉ። እጃቸውን ይዤ ቃል ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከልቤ ቃል የገባሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

እንግዲህ ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴ።

የባለቤቴ ጓደኞች የጽዋ ማኅበርተኞች ናቸው። ብዙዎቹ ኮርነርስቶን በሚባለው አዲስ ሰፈር አዲስ ቤት ገዝተዋል፤ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ግራጫ፣ የቀለሙ ሽታ ገና ያልለቀቀው። ተራው ደርሶን እኛ ቤት ሲመጡ ዙሪያውን እያዩ ይስቁ ነበር። «ይኼ ሙዚየም መግቢያው ስንት ነው?» ይላል አንዱ። «እናንተ፣ ሳሎን ነው ሳውና?» ይላል ሌላው። «ምነው፣ ደህና ቤት አጥታችሁ ነው የፈረንጅ ውርስ የገዛችሁት?» ትላለች ሚስቱ፣ ለእኔ አዝና። ልነግራቸው እችል ነበር። «ወድጄው ነው የገዛሁት፣ ይኼን ግድግዳ አትንኩብኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ከበደኝ። ከእነሱ ቤት የእኔን አስበልጬ የምኮራ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ። የጽዳት ሠራተኛ ስለ እንጨት ምን ታውቃለች የሚሉኝም መሰለኝ። ስለዚህ አብሬ ሳቅሁና፣ «እስክናድሰው ነው፤ አቅም ሲኖረን እናስተካክለዋለን» አልኩ። አንድ ጊዜ አይደለም። በመጡ ቁጥር፣ ለመጣው ሁሉ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል።

ቤቱ በከተማው የቅርስ መዝገብ እንዲገባ የሚጠየቅበትን ፎርም እንኳ የሞላሁት ተደብቄ ነው። አንዴ ከተመዘገበ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው እንደ ፈለገ ሊያፈርሰው አይችልም፤ ቃሌ ከእኔ በኋላም ይቆማል ማለት ነው። ፎቶ አንስቼ፣ ግድግዳውን፣ የቡሽ ወለሉን፣ የጡብ ምድጃውን፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራውን ቁም ሣጥን አንድ በአንድ ጽፌ፣ መሳቢያ ውስጥ ከልብሶቼ ሥር አስቀመጥኩት። ባለቤቴ የማያውቀው ሌላ ወንድ ያለኝ ይመስል!

በዚህ መካከል ልጄ ኤድመንተን ወንድ ልጅ ወለደች። ላርሳት ሄድኩ። ክርስትናው በአርባ ቀኑ እኛ ቤት እንዲሆን ተስማማን። ከመሄዴ በፊት አሮጊቷ ወዳሉበት የአረጋውያን መኖሪያ ደውዬ፣ «የልጅ ልጄ ክርስትና ላይ እንዲመጡልኝ፤ ቤትዎንም ያዩታል» ብዬ ጠራኋቸው። ደስታቸው በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

ልጄንና ሕፃኑን ይዤ የተመለስኩት ለክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀር ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ ሰው ተሰልፏል። ባለቤቴ፣ ማኅበርተኞቹ፣ ሚስቶቻቸው። እልልታው ቀለጠ። ለሕፃኑ መስሎኝ እኔም እልል አልኩ። የማኅበሩ ድራይዎል ሠሪ፣ ግድግዳ በጂፕሰም ሰሌዳ የሚለብጠው የባለቤቴ የልብ ጓደኛ፣ ዓይኔን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «እህቴ፣ ቀስ፣ ደረጃ አለ» እያለ አስገባኝና እጁን አነሣ።

ግድግዳው የለም።

ከዳር እስከ ዳር ነጭ። ወለሉ ግራጫ የቪኒል ንጣፍ። ምድጃው ነጭ ቀለም ተቀብቶ የጥርስ ሐኪም ቤት መስሏል። ጣሪያው ላይ ክብ ክብ መብራት ተደርድሯል። ቁም ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ሃያ ሰው ፊቴን ያየኛል፤ ሃያ ሰው ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይጠብቃል።

«ደቦ ነው!» አለ ባለቤቴ። «አምስት ሳምንት፣ ቅዳሜና እሑድ። ኦፍ ያለው ሁሉ መጥቶ ነው የሠራው። አንድም ሰው ሌበር አላስከፈለንም።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ፣ በጣም ክሊን ሆኗል እኮ!» አለች ልጄ።

አንድ ነገር አንስቼ በዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ ብወረውር ደስ ይለኝ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ ድካማችሁን ይክፈላችሁ» አልኩና አንድ በአንድ አቅፌ ሳምኳቸው። ሳለቅስ አዩ። እነሱም አለቀሱ።

ቆይቼ ድራይዎል ሠሪውን፣ እንደ ዘበት፣ «እንጨቱን የት አደረጋችሁት?» አልኩት።

«የቱን? ያን አሮጌውን? ወይ ጉድ፣ እሱንማ አትጠይቂኝ» አለና ሳቀ። «ኮንቴነር አምጥተን እየጣልን ሳለ ሁለት ፈረንጆች በዚህ ሲያልፉ መኪና ፓርክ አድርገው መጡ። ‹ልንወስደው እንችላለን?› ብለው ለመኑን። ‹ቴክ ኢት› አልናቸው። ቁም ሣጥኑንም፣ የበር እጀታውንም ጭነው ሄዱ። የቆሻሻ ዳምፕ ክፍያ ተረፈልን!»

ባለፈው ወር ቁም ሣጥኔን አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ መስኮት ውስጥ አይቼዋለሁ። ተንሸራታች በሩ ላይ የተደገፈ ትኩስ የብረት ምጣድ ያቃጠላት፣ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ጠባሳ አለች፤ ዘጠኝ ዓመት ዘይት የቀባኋትን ጠባሳ አልስትም። ዋጋውን አልናገርም፤ ሰው ይታመምብኛል። ሻጩ ወጣት፣ «እንዲህ ያልተነካ ዕቃ አሁን አይገኝም» አለኝ። እንዳልተነካ ለእኔ ሊነግረኝ! አንዲት የቤት ደላላም መጥታ ቤቱን ዞራ አይታ፣ «አሁንማ የሚሸጠው መሬቱ ነው» ብላናለች። ድሮ ሳይነካ ሁለት ዓይነት ገዢ ነበረው፤ የሚያፈርሰውና የሚያኖረው። አሁን የቀረለት አፍራሹ ብቻ ነው። ፎርሙን ቀድጄ ጣልኩት፤ ከዘረዘርኩት ውስጥ የቀረ ነገር የለማ።

ወደ ክርስትናው ልመለስ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሁሉም እኛ ቤት። ለአሮጊቷ ደውዬ «ድግሱ ቀርቷል» ልላቸው ስልክ ሳነሣና ሳስቀምጥ፣ ባለቤቴ ለካ ሊያመጣቸው ሄዷል። ሰውየው ትጉህ ነው፤ ይኼ ትጋቱ ነው የፈጀኝ።

አሮጊቷ ክንዱን ይዘው ገቡ። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ከንፈራቸውን ቀለም ቀብተዋል። በሩ ላይ ቆሙ። ሰው ሁሉ ለሽበታቸው ብድግ አለ። ዓይናቸው ግድግዳውን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደበት፣ ተመለሰበት። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። ጮኸው ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ድራይዎል ሠሪው ሱፉን ለብሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቀረባቸው። አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጣውላውን ሲነቅል ነው የቆረጠው፣ አራት ስፌት፤ ቁስሉ አመርቅዞ እስካሁን አልዳነለትም። «ማዘር፣ ዊ ፊክስድ ኢት። ኦል ፍሪ። ፎር ሄር» አላቸው፣ ወደ እኔ እያመለከተ። ኩራቱ ያስታውቅ ነበር።

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ይኼን አንቺ ነሽ የፈለግሽው?» አሉኝ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንግሊዝኛው የማይገባው የለም። የሰውየውን ጣት አየሁ። አምስት ሳምንት የምሽት ፈረቃ ታክሲ ነድቶ፣ ሳይተኛ ሲቀባ የከረመውን ባለቤቴን አየሁ። እሳቸውን አየሁ። ሁለቱንም ወገን ማዳን አልችልም፤ አንዱን ማዋረድ አለብኝ።

«የስ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው መልካም» አሉ። የሕፃኑን እግር በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው፣ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ፣ ኮታቸውን ጠየቁ። ባለቤቴ መልሶ ወሰዳቸው።

ሲመለስ እንግዳው ገና አልተበተነም። መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኩት። «መንገዱን ሙሉ ሲያለቅሱ ነበር» አለኝ። «ምስኪን! ባላቸው ቤታቸው እንዲህ አምሮ ቢያዩት ብለው ነው መሰለኝ።»

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። ምኑን አስቀረሁ! ስለ ቃሌ፣ ስለ ፎርሙ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጓደኞቹ ሳቅ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ስላስቀመጠኝ ሁሉንም አወረድኩበት። ደንቆሮ አልኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ብዬው አላውቅም። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ሰማኝ።

«ቃል የገባሽው እንዳይፈርስ መስሎኝ» አለ መጨረሻ ላይ። «አላፈረስነውም እኮ። ደግሞ ሰው በመጣ ቁጥር ‹እስክናድሰው ነው› ስትይ እሰማሻለሁ። አቅም አጥታ እየተሳቀቀች ነው ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ወደሽው ከሆነ ለእኔ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?»

ከውስጥ፣ «እትዬ! የት ጠፋሽ? ዳቦው ሊቆረስ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ። ከዚያ ገባሁና በነጩ ሳሎን እየዞርኩ፣ «ብሉ እንጂ፣ ምነው፣ አልጣማችሁም እንዴ?» እያልኩ ማስተናገዴን ቀጠልኩ።