የበርበሬው አጎበር

አዲሱን የወባ አጎበር ከፌስታሉ ሳወጣው የመድኃኒቱ ሽታ ሰነፈጠኝ፤ ሽንዲ ያለው የልጅነት ግቢያችን ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ ከጤና ኬላ የተሰጠንን አጎበር አባቴ «ዶሮ እንዳይጭረው» ብሎ ለተሰጣው በርበሬ አልብሶት ነበር። በዚያው ሰሞን እኅቴን እናኑን ወባ ያዘቻት። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንባ ስትንቀጠቀጥ ዋለች። በማግስቱ ግን ተነሥታ እየሳቀች በርበሬውን አገላበጠች።

«ተመስገን፣ ለቀቀቻት» አለ አባቴ።

ጎረቤታችን እማሆይ አጎበሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ልጄ! ደሟ ውስጥ ጎጆ ቀልሳ የት ትሄዳለች? ዛሬ የወባዋ የእረፍት ቀን ነው። ነገ ትነሣባታለች።»

በነጋታው በርበሬውን የሚያገላብጥ አልተገኘም።

አጎበሩን የልጄ አልጋ ላይ ሰቀልሁት። ትናንት ጋቢ ደርቤላት እንኳ ስትንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ ደኅና ናት፤ ግቢው ውስጥ እየሳቀች ትሮጣለች።